ስለ ፍላጻ ግትርነት የሚነገረው ግማሽ እውነት

በኮምፓውንድ ቀስት፣ ማለት መንኮራኩር ባለው ዘመናዊ ቀስት በሚያድኑ ሰዎች ዘንድ ማንም ሳይጠይቀው የሚያልፍ አንድ እምነት አለ። ፍላጻ ሲመረጥ «ከተጠራጠርክ ግትሩን ውሰድ፤ ግትርነት አይበዛም» ይባላል። የልል ፍላጻ ጉዳት የታወቀ ነው፦ ይሰበራል፣ ስንጣሪው እጅ ይወጋል፣ ከአውታሩ ሲለይ እየተወላገደ ይሄዳል። የግትሩን ጉዳት የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ምክሩም ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ከአንጋፋ ወደ ጀማሪ ሲተላለፍ ኖሮ ዛሬ እንደ ሕግ ይቆጠራል። እኔ የምሞግተው ይህን ሕግ ነው። ጭልጥ ያለ ውሸት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ፤ አስቸጋሪ ያደረገው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ግትርነት ዘንጉ ብቻውን ይዞት የሚዞር ጸጋ አይደለም። በቀስቱ ጉልበት፣ በፍላጻው ርዝመትና ከፊት በሚሰካው ጫፍ ክብደት መካከል የሚገኝ ልክ ነው። ልክ ደግሞ ሲያንስም ሲበዛም ይሳታል።

ኃይልን ከግትርነት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በሦስተኛው መጽሐፉ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ለፋርሱ ካምቢሰስ ቀስት ልኮ፣ ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት እንደኛ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይዝመቱብን እንዳለው ይተርካል። (ኢትዮጵያ የሚለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽ ምድር ነው።) ታሪኩን የሚያነሣ ሁሉ ቀስቱን ያስታውሳል፤ ፍላጻውን የሚጠይቅ የለም። ያው ጸሐፊ በሰባተኛው መጽሐፉ የፋርሱን ንጉሥ የዘርክሲስን ሠራዊት ሲዘረዝር ግን ኢትዮጵያውያኑ ከአራት ክንድ የማያንስ የዘንባባ ቀስትና ጫፉ የተሳለ ድንጋይ የሆነ ትንንሽ የሸምበቆ ፍላጻ እንደያዙ ጽፏል። ቀስቱ ረጅም፣ ፍላጻው አጭርና ቀላል ነበር ማለት ነው። አጭርነት በራሱ ዘንግን እንደሚያጠነክር ከዚህ በታች እናያለን። ለአሁኑ የምለው ጥንታዊው ቀስተኛ ሁለቱን በጥንድ ያስብ እንደነበር፣ የዛሬው ገዢ ግን የጥንዱን ግማሽ ረስቶ በአንድ ቁጥር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ያ ቁጥር ስፓይን ይባላል። አለካኩን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው እዚያው ነውና። ዘንጉ 28 ኢንች፣ ማለት 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተራርቀው በቆሙ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ይጋደማል። መሐሉ ላይ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል። ከዚያ ዘንጉ ወደ ታች ምን ያህል እንደጎበጠ በኢንች ሺህኛ ይነበባል። 340 ተብሎ የታተመበት ዘንግ 0.340 ኢንች፣ በሌላ አነጋገር 8.6 ሚሊ ሜትር ጎብጧል ማለት ነው። 500 የታተመበት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ 250 የታተመበት 6.4 ሚሊ ሜትር ይጎብጣል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዘንጉ ይበልጥ ግትር ነው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያሻም። ካፋ ውስጥ ዋጫ ከተማ ያለ ማንኛውም አናጢ ጣውላ ላይ ሁለት ሚስማር መትቶ፣ በሚዛን የተለካ 880 ግራም ቡና በከረጢት አንጠልጥሎ፣ ጉብጠቱን በማስመሪያ ማንበብ ይችላል። ይህን ያደረገ ሰው መለኪያው ውስጥ የጎደለውን ነገርም ወዲያው ያያል። ቀስት የለም። የሚገፋ አውታር የለም። ከፊት የተሰካ ብረት የለም። ዘንጉ ተቆርጦ የሚኖረው ርዝመት እንኳ የለም፤ ለሁሉም 28 ኢንች ነው። የታተመው ቁጥር ዘንጉ ጋደም ብሎ ቡና ሲሸከም ያደረገውን ይነግረናል። ሲተኮስ የሚያደርገው ሌላ ነው።

ርዝመቱን ብቻ እንውሰድ። በሁለት መደገፊያ ላይ የተጋደመ ዘንግ የሚጎብጠው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን ርዝመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን ነው። 27 ኢንች የነበረው 29 ኢንች ቢሆን ጉብጠቱ በ24 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ340 ስፓይን ወደ 400 መውረድ ደግሞ ጉብጠቱን የሚጨምረው በ18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ኢንች ርዝመት አንድ ሙሉ የስፓይን ደረጃ ከነትርፉ ይበላል። አንዱ አዳኝ 340 ዘንግ 29 ኢንች ላይ ቆርጦ፣ ሌላው 400 ዘንግ 27 ኢንች ላይ ቆርጦ ቢይዙ፣ ግትር ፍላጻ የያዘው «ልሉን» የገዛው ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ተራ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። «ከተጠራጠርክ ግትሩን ውሰድ» የሚለው ምክር ግን ስለ ርዝመት አንድም ቃል የለውም። ስለ ጫፉ ክብደትም የለውም። 100 ግሬይን፣ ማለት 6.5 ግራም ጫፍ የተሰካበት ዘንግ ጫፉ በ200 ግሬይን ቢተካ፣ ከኋላ በሚገፋው አውታርና ከፊት በሚቋቋመው ክብደት መካከል የሚያዘው ዘንግ ይበልጥ ይጎብጣል፤ የታተመበት ቁጥር ግን ያው ነው።

ምክሩ ከጀርባው አንድ ሥዕል አለው፦ በበቂ ሁኔታ የገተረ ፍላጻ እንደ ብረት በትር ቀጥ ብሎ ይወጣል የሚል። ሥዕሉ ስሕተት መሆኑ በስሌት ይታያል። ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ መሬት ላይ አቁሞ አናቱን በመዳፉ የተጫነ ሰው፣ ዘንጉ እስከ አንድ ልክ ቀጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ወደ ጎን እንደሚያመልጥ ያውቃል። ያንን ልክ በ18ኛው መቶ ዘመን የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በቀመር አስቀምጦታል። 340 ስፓይን ያለው 28 ኢንች ዘንግ ጫፎቹ እንደልብ እንዲዞሩ ተደርጎ ቀስ ተብሎ ቢጫን ልኩ 15 ኪሎ ገደማ ነው። ከአደን ዘንጎች መካከል ከግትሮቹ የሚመደበው 250 ደግሞ 20 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። 60 ፓውንድ የሚሳብ ቀስት በከፍተኛው ነጥቡ 27 ኪሎ ይገፋል። እርግጥ ይህ ሁሉ ለፍላጻው አይደርስም፤ አውታሩንና የቀስቱን ክንዶች ለማንቀሳቀስ የሚውል ድርሻ አለ፣ በዘንጉም ውስጥ ቢሆን ግፊቱ ከኋላ ወደ ፊት እየቀነሰ ይሄዳል። ቢሆንም ሁለቱ መጠኖች ጎን ለጎን የሚቆሙ መሆናቸው ለክርክሩ ይበቃል። ፍላጻውን የሚያድነው የጊዜው ማጠር ነው፤ አውታሩ ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ መቶኛ ብዙም ለማይበልጥ ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ይጎብጣል፣ ከአውታሩ ሲለይ ተመልሶ ይቀናል፣ አልፎም በተቃራኒው ይጎብጣል፣ በአየር ላይ እያለም በሰከንድ 80 ወይም 100 ጊዜ ያህል እየተወዛወዘ ይሄዳል። የማይጎብጥ የአደን ፍላጻ በገበያ ላይ የለም። 250 የገዛውም ሰው የገዛው የሚጎብጥ ፍላጻ ነው። መጠየቅ ያለበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ፣ በየት አቅጣጫ እንደሚጎብጥና አውታሩን በሚለቅበት ቅጽበት ጅራቱ ወዴት እየተወረወረ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቼ የሚመጣው ጠንካራ መልስ የኮምፓውንድ ቀስትን አሠራር የሚመለከት ነው፤ አቅልዬ አላየውም። የድሮው ቀስት ላይ ፍላጻው በእንጨቱ ጎን ስለሚያልፍ ወደ ዒላማው የሚያመለክተው ዞር ብሎ ነው፤ ሆኖም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሮበርት ኤልመር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1913 ይህን የቀስተኛው እንቆቅልሽ ብሎ ሰየመው። በ1930ዎቹ ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ክላረንስ ሂክማን በፈጣን ካሜራ አንሥቶ ፍላጻው እንደ እባብ ተጣጥፎ የቀስቱን እጀታ ዞሮ እንደሚያልፍ አሳየ። በዚያ ቀስት ላይ ከመጠን በላይ የገተረ ፍላጻ መዞር ስለማይችል እጀታውን ይመታል። ኮምፓውንድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሆሊስ አለን የተባለው የሚዙሪ ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ ማመልከቻውን አስገብቶ በ1969 ያስመዘገበው ይህ ቀስት መሐሉ ስለተቦረቦረ ፍላጻው በአውታሩ መስመር ላይ ይቀመጣል። አውታሩም በጣት ሳይሆን ሪሊዝ በሚባል መሣሪያ ስለሚለቀቅ በጣት ላይ እየተንሸራተተ ወደ ጎን አይገፋም። እንግዲህ ዞሮ የሚያልፈው ነገር ከሌለ ለምን ይጎብጥ? የዒላማ ተወዳዳሪዎችስ በግትር ዘንግ ሲያሸንፉ አላየንም?

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የተወገደው ወደ ጎን የመዞር ግዴታ ብቻ ነው። ካም የሚባሉት መንኮራኩሮች ሲዞሩ የፍላጻው ጅራት ፍጹም ቀጥ ባለ መስመር ላይሄድ ይችላል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፣ ካሙ ከተጋደለም ወደ ጎን ያፈነግጣል። የአዳኙ መዳፍ እጀታውን ሊያጣምመው ይችላል፤ የፍላጻው ማሳረፊያ ከመሐል ሊስት ይችላል። እነዚህን ሁሉ ግትር ፍላጻ አያርማቸውም። ኮምፓውንድ ግትር ፍላጻን ይቅር ይላል እንጂ ይመርጣል ማለት አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ሰዎች ከመቻቻል ተነሥተው ሕግ አውጥተዋል። ሁለተኛ፣ የዒላማ ተወዳዳሪው ምስክርነት ለእነሱ አይቆምም። ዓለም አቀፉ የኮምፓውንድ ውድድር በሜዳ ላይ የሚደረገው በ50 ሜትር ርቀት፣ ስለት በሌለው ጫፍ ነው። ተወዳዳሪው ዘንጉን የሚመርጠው የትኛው ጫፍና ርዝመት ፍላጻዎቹን ይበልጥ አቀራርቦ እንደሚያሳርፍ ደጋግሞ ፈትኖ ነው። እሱ ያደረገውን ሳይሆን በመጨረሻ የያዘውን ቁጥር ብቻ ወስዶ ለአዳኝ መምከር ፈተናውን ትቶ ውጤቱን መቅዳት ነው።

አዳኙ የሚተኩስበት ርቀት ደግሞ 50 ሜትር አይደለም። ነገሩን ወደ ካፋ ሳመጣው የክርክሩ ፍሬ ይወጣል። ካፋ በአደን ታሪኩ የጦር አገር ነው፤ በደኑ አዳኝነት የታወቁት ማንጆዎችም በጦር፣ በመረብና በውሻ ያድኑ ነበር። ዛሬ በሕግ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ የካፋ ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ካፋን የምጠራው ለቀስተኛ ፈቃድ ለመስጠት አይደለም፤ ደኑ የሚያስተምረው ስለ ርቀት ነው። በጨና፣ በጊምቦ ወይም በዴቻ ደን ውስጥ ቡናው፣ ኮረሪማውና ሐረጉ ዓይንን የሚያግድበትን ስፍራ የሚያውቅ ሰው፣ ድኩላ ወይም የዱር አሳማ ከሃያ ሜትር ወዲያ በግልጽ እንደማይታይ ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ደን በኮንጎም፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍልም አለ፤ በቀስት የሚያድን ሰው በተፈጥሮው ቅርብ ተኳሽ ነው።

የግትርነት ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፦ «ቅርብ ከሆነማ ፍላጻው ቶሎ መርጋት አለበት፤ ቶሎ የሚረጋው ደግሞ ግትሩ ነው» ይላሉ። ጥሩ መከራከሪያ ይመስላል። ነገር ግን የተለያዩ ሁለት እንቅስቃሴዎችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው የዘንጉ መወዛወዝ ነው፤ ፈጣንና ጠባብ ነው። በሰከንድ 80 ሜትር የሚሄድ ፍላጻ 10 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ይፈጅበታል፤ በዚያ ውስጥ ዘንጉ አሥር ጊዜ ያህል ተወዛውዞ ጉልበቱን እያጣ ይመጣል። ግትር ዘንግ በዚህ በኩል በእርግጥ ይሻላል፤ መወዛወዙ ጠባብ ነው። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ግን የፍላጻው ሙሉ አካል ጅራቱን ወደ ጎን ጥሎ እንደ ዓሣ ሲቀዝፍ የሚታየው ነው። ይህ ዝግተኛ ነው፤ በ10 ሜትር ውስጥ አንዱን ቅዘፋ እንኳ ላይጨርስ ይችላል። የሚያርመውም የዘንጉ ግትርነት አይደለም። የሚያርሙት ከኋላ ያለው ላባ አየሩን የሚይዝበት ጉልበትና ላባው ከፍላጻው የክብደት መሐል ያለው ርቀት ናቸው። ክብደቱ ወደ ፊት በሄደ መጠን ላባው ጅራቱን የሚመልስበት ክንድ ይረዝማል። ስለዚህ በቅርብ ርቀት እንስሳውን የሚያገኘው ፍላጻ በጎኑ ሳይሆን በጫፉ እንዲገባ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከአውታሩ ሲለይ ጅራቱ ያለ ውርወራ እንዲወጣ መደረጉና ከፊት በቂ ክብደት መኖሩ። የመጀመሪያው የስምምነት ጉዳይ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ «ግትር አይበዛም» የሚለው ምክር ራሱ ያበላሸዋል፤ እንዴት እንደሆነ እነሆ።

ከአንድ አምራች፣ ከአንድ ዓይነት ዘንግ መካከል 250ው አብዛኛውን ጊዜ ከ340ው በየኢንቹ ይከብዳል፤ ግትርነቱ የሚገኘው ግድግዳውን በማወፈር ወይም ዙሪያውን በማስፋት ነውና። ለጥንቃቄ ብሎ ሁለት ደረጃ ግትር የወጣ ገዢ ስለዚህ ክብደት የጨመረው በዘንጉ ርዝመት ሁሉ ላይ ነው። ፍላጻው ከበደ፣ ፍጥነቱም ቀነሰ። የጠፋውን ፍጥነት ለመመለስ የሚቀርበው ቁልፍ ከፊት ያለውን ጫፍ ማቅለል ነው፤ ሰውም ይህን ያደርጋል። ውጤቱ ከመሐል የከበደ፣ ከፊት የቀለለ፣ ላባው አጭር ክንድ ይዞ የሚታገልለት ፍላጻ ነው። የዘንጉ መወዛወዝ ቀነሰ፤ ቅዘፋው ግን እርማት አጣ። ሃያ ሜትር ላይ ወረቀት የሚቀድ ሰው ይህን ላያየው ይችላል፣ ስለት የሌለው ጫፍ ብዙ ነገር ይደብቃልና። ብሮድሄድ የሚባለውን ባለ ስለት የአደን ጫፍ ሲሰካ ግን ይገለጣል። የማይታጠፍ ሰፊ ስለት ከፊት እንደ ክንፍ ይሠራል፤ ፍላጻው ጥቂት ተጋድሎ ከወጣ አየሩ ስለቱን ይዞ ወደ ተጋደለበት ይመራዋል። ያው ቀስት፣ ያው እጅ፣ ያው ዘንግ በተራ ጫፍ መሐሉን መትቶ በብሮድሄድ አንድ ስንዝር ሲስት የሚታየው ለዚህ ነው። ብዙዎች በዚያን ጊዜ ስለቱን ይወቅሳሉ፤ የሚታጠፍ ስለት ገዝተው ነገሩን ይሸፍኑታል። ፍላጻው ግን ተጋድሎ መውጣቱን አልተወም። እንስሳ ላይ ሲደርስም ተጋድሎ ነው የሚገባው፤ ወደ ፊት ሊገፋው የሚገባ ጉልበት ዘንጉን ወደ ጎን ለማጠፍ ይባክናል። የቆሰለ ድኩላ ሐረግ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ናታል የፍላጻን ዘልቆ የመግባት ነገር ማጥናት የጀመረው ኤድ አሽቢ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁለቱም ወገን ይጠቀሳል። የከባድ ፍላጻ አቀንቃኝ በመሆኑ ግትርነት ወዳዶች የእነሱ ያደርጉታል። ነገር ግን በእሱ ቅደም ተከተል አንደኛው የፍላጻው አለመሰበር፣ ሁለተኛው የበረራው ጥራት፣ ከዚያ ቀጥሎ ከፊት ያለው ክብደት ነው። ግትርነት ለብቻው በዝርዝሩ አናት ላይ የለም፤ ለእነዚህ ሲያገለግል ብቻ ነው የሚገባው። ከፊት 200 ወይም 250 ግሬይን የሚሰኩ አዳኞች ግትር ዘንግ መግዛታቸውም ትክክል ነው፤ ከባድ ጫፍ ዘንጉን ስለሚያላላው ግትር ዘንግ ያስፈልገዋል። ነገር ግን እነሱ ያደረጉት መጀመሪያ ጫፉን ወስነው ዘንጉን ለጫፉ ማስማማት ነው። ይህ የእኔ ክርክር እንጂ የተቃዋሚዎቼ አይደለም። የእነሱን ዘንግ ገዝቶ 100 ግሬይን ጫፍ የሚሰካ ጀማሪ መድኃኒቱን ያለ በሽታው ወስዷል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ ደኅንነት። ከመጠን በላይ የላላ የካርቦን ፍላጻ በከባድ ቀስት ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስንጣሪው ቀስቱን በያዘው እጅ መዳፍና አንጓ ውስጥ ይገባል። ይህ የማስፈራሪያ ወሬ አይደለም፤ አምራቾች ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ዘንጉን በእጅ አጎብጦ፣ ድምፁን አድምጦ፣ ስንጥቅ እንዳለው መፈተሽን የሚያዝዙት ለዚህ ነው። በሸካና በካፋ ደጋ ቀርከሃ እንደልብ ስለሚገኝ ልብ ሊባል የሚገባ ሌላም ነገር አለ፦ በኮምፓውንድ ቀስት የእንጨት ወይም የቀርከሃ ፍላጻ መተኮስ አደገኛ ነው፤ ወጥ ያልሆነ አንጓና የማይታይ ስንጥቅ ያንን ግፊት አይችልም። እንግዲህ በሁለት ስፓይን ድንበር ላይ የቆመ ሰው ወደ ግትሩ ቢያዘነብል እኔም እስማማለሁ። የምቃወመው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ዝላይ ነው። «ድንበር ላይ ከሆንክ አንድ ደረጃ ውጣ» ማለትና «የገተረ ሁሉ ይሻላል» ማለት አይገናኙም። አንደኛው ከአደጋ ይጠብቃል። ሁለተኛው አደጋው ከታለፈ በኋላም መውጣቱን ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደረጃ የሚያስከፍለውን ክብደት አይቆጥርም። ከዚህም በላይ የደኅንነቱ መለኪያ ስፓይን ብቻ አይደለም። ፍላጻው ለቀስቱ ጉልበት እጅግ ከቀለለ የቀስቱ ጉልበት የሚሄድበት አጥቶ በራሱ በቀስቱ ክንዶችና አውታር ላይ ይዞራል፤ አምራቾች ለእያንዳንዱ ፓውንድ ቢያንስ 5 ግሬይን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ለ60 ፓውንድ ቀስት 300 ግሬይን፣ 19 ግራም ገደማ ይሆናል። ግትር ግን ቀላል ፍላጻ በስፓይን ሠንጠረዥ ላይ ደኅና ሆኖ ቀስቱን ሊሰብር ይችላል።

ሠንጠረዡን ካነሣሁ አይቀር፣ «አምራቹ ያወጣው ሠንጠረዥ እያለ ይህ ሁሉ ፍልስፍና ለምን?» የሚልም አለ። ሠንጠረዡን አልንቅም፤ ከጨለማ ይሻላል። ብዙዎቹ ሠንጠረዦች የሚያስቡት 100 ግሬይን ያህል ጫፍ፣ የተወሰነ ዓይነት ካምና በትክክል የተነበበ የመሳቢያ ጉልበት ነው። ቀስቱ ላይ 70 ፓውንድ ተብሎ የተጻፈው ጉልበት የክንዶቹ ብሎን ሁለት ዙር ከተፈታ 70 አይደለም። ሰውየው የራሱን የመሳቢያ ርዝመት የፍላጻ ርዝመት አድርጎ በተሳሳተው ዓምድ ሊያነብም ይችላል። የሁለት አምራቾች ሠንጠረዥ ለአንድ ቀስት ሁለት የተለያየ ስፓይን የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱም አልዋሹም፣ ያሰቡት ቀስት ነው የተለያየው። ሠንጠረዥ የፈተና መነሻ ነው። እንደ ፍርድ ሲነበብ ነው ጥፋቱ፤ ከፍርዱም ላይ «ለጥንቃቄ» ተብሎ አንድ ደረጃ ሲጨመርበት ስሕተቱ እጥፍ ይሆናል፣ ብዙ ሠንጠረዦች ራሳቸው ለጥንቃቄ ወደ ግትሩ ያዘነበሉ ናቸውና።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በተለይ የሚያነሣው። የካርቦን ዘንግ ርካሽ አይደለም፣ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ አንድ ደርዘን ገዝቶ ያልሆነውን መጣል የሚችል ጥቂት ነው፤ እንግዲያው ግትሩን ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ? እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ገንዘቡ ውድ የሆነበት ሰው ነው በቅደም ተከተል መሄድ ያለበት። መጀመሪያ የጫፉ ክብደት ይወሰናል፣ ምክንያቱም እሱ ከእንስሳውና ከርቀቱ የሚመጣ ነው። ቀጥሎ የቀስቱ ጉልበት በእጅ ሚዛን ተለክቶ ይነበባል። ከዚያ ከደርዘኑ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ፣ ሳይቆረጥ፣ ሠንጠረዡ ባሳየው ስፓይን ይገዛል። ያልተቆረጠ ዘንግ ረጅም በመሆኑ ልል ሆኖ ይጀምራል፤ ላባ ሳይለጠፍበት በቅርብ ተተኩሶ ዒላማው ውስጥ የሚሰካበት አቅጣጫ ይታያል። እዚህ ላይ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በኮምፓውንድ ላይ ወደ ጎን የተጋደለ ዘንግ ሁልጊዜ ስለ ስፓይን አይናገርም፣ ማሳረፊያው መሐል መሆኑና መዳፉ እጀታውን አለማጣመሙ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። እነዚያ ከተስተካከሉ በኋላ ዘንጉ በሩብ ኢንች በሩብ ኢንች እየተቆረጠ እንደገና ይተኮሳል። የተቆረጠ አይመለስም፤ ስለዚህ መቸኮል የለም። ዘንጉ ቀጥ ብሎ መሰካት ሲጀምር ርዝመቱ ይመዘገባል፣ ብሮድሄዱ ተሰክቶ ከተራው ጫፍ ጋር አንድ ቦታ መምታቱ ይታያል፤ ደርዘኑ የሚታዘዘው ያን ጊዜ ነው። እየተቆረጠ ሄዶ ለቀስቱ የሚበቃው ርዝመት ላይ ከደረሰ በኋላም ዘንጉ አሁንም ልል ሆኖ ከተገኘ ብቻ አንድ ደረጃ ግትር የሆነው ይገዛል።